«ለስኳር በሽታ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ባለፈው ማክሰኞ ሱቄን ሳልከፍት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስቱም መልእክት አንድ ዓይነት ነው። «ሳይንቲስቶች አዲስ ቆሽት ሠሩ፣ ስኳር በሽታ ቻው» ይላል። አንዱን የላከችው የባለቤቴ እህት ናት። ሁለተኛውን የላኩት ካዛንቺስ ስንኖር ጎረቤታችን የነበሩ እናት ናቸው። ሦስተኛው ከልጄ ነው። ከሥሩ «አባዬ፣ እውነት ነው?» ብላ ጽፋበታለች።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዓይነት 1 ስኳር ሲገኝባት ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀን አራት ጊዜ መርፌ ትወጋለች። እንዲህ ብላ ስትጠይቀኝ «ተይው፣ ውሸት ነው» ብዬ ማለፍ አልችልም። «አዎ፣ ልትድኚ ነው» ማለትም አልችልም። ሁለቱም ይጎዳታል።

ሐኪም አይደለሁም። አራት ኪሎ ፎቶኮፒና ጥረዛ ቤት አለኝ። የካምፓሱ የባዮሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እኔ ጋ ያሳትማሉ፣ ያስጠርዛሉ። ልጄ ከታመመች በኋላ ስለ ሴል ወይም ስለ ዘረመል የጻፈ ተማሪ ሲመጣ «ቆይ ወንድሜ፣ ሻይ ልጋብዝህና ይቺን አስረዳኝ» ማለት ጀመርኩ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እዚያ ገብቼ አነባለሁ። ዛሬ የምጽፈው በነዚህ ዓመታት ራሴን ያስተማርኩበትን የአነባበብ መንገድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት። ዜናው ምንም ይበል፣ ሐኪማችሁ ሳያውቅ ኢንሱሊን አይቆምም፤ አይቀነስምም። ይህን ለምን ከፊት እንዳስቀመጥኩት ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የትኛው ስኳር?

ዜናውን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥር «1» ወይም «2» ነው። በዓይነት 1 የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋቸዋል። ኢንሱሊን ከውጭ ካልገባ ሰው አይኖርም። በዓይነት 2 ኢንሱሊን አለ፤ ግን ሰውነት በደንብ አይታዘዘውም፣ ቀስ በቀስም መጠኑ ያንሳል። ለአንዱ የተሠራ ሕክምና ለሌላው ላይሆን ይችላል። ዜናው የትኛው እንደሆነ ካልለየ ጸሐፊው ራሱ አልለየውም ማለት ነው።

ቆሽትን እወቁት

ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ቆሽት የት እንዳለ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ግራ ይገባናል። እኔ ከጣፊያ ጋር አንድ ይመስለኝ ነበር። በጤና ጽሑፎች ላይም ሁለቱ ስሞች ሲቀያየሩ አይቻለሁ። ጣፊያ በግራ ጎን ያለ፣ ደም የሚያጣራ ሌላ አካል ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ በአግድም የተጋደመ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያንሳል። ክብደቱ ወደ 100 ግራም ይጠጋል።

አብዛኛው ሥራው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ኢንሱሊን የሚሠራው ክፍል ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 በርሊን ውስጥ ፖል ላንገርሃንስ የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲያይ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትናንሽ የሴል ክምችቶች አገኘ። ምን እንደሚሠሩ አላወቀም። ዛሬ በእሱ ስም የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ደሴቶች አሉ። በውስጣቸው ቤታ የሚባሉት ሴሎች ኢንሱሊን ይሠራሉ። አልፋ የሚባሉት ደግሞ ስኳር ሲወርድ ወደ ላይ የሚያነሳውን ግሉካጎንን ይሠራሉ። ልጄን ያጎደላት ቤታ ሴል ነው። ከመቶ ግራም ውስጥ ጥቂት ግራም የማይሞላ ነገር። ይህን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

ማህፀን ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ይህ ክፍል ይረዝማል። ታገሡኝ፤ ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

በአራተኛው ሳምንት ላይ ሽሉ ከአንድ ፍሬ ምስር ብዙ አይበልጥም። ውስጡ አንድ ቀጭን ቱቦ አለ። ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጉበት፣ ሳንባ ሳይቀር የሚወጣው ከዚህ ቱቦ ነው። በዚያ ሳምንት ከቱቦው ግድግዳ ላይ ሁለት እምቡጦች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ በጀርባ በኩል፣ አንዱ በሆድ በኩል። አንጀቱ ሲጠመዘዝ የሆዱ እምቡጥ አብሮት ይዞርና የጀርባው ጋ ይደርሳል። ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ቆሽት ይህ ነው። አንዳንዴ አዟዟሩ ይስትና ቆሽቱ ትንሹን አንጀት እንደ ቀለበት ከቦት የሚወለድ ሕፃን አለ።

ያ የቱቦ ግድግዳ አንጀት ሳይሆን ቆሽት መሆን እንዳለበት በምን አወቀ? መልሱ ጎረቤት ነው። ከአከርካሪ በፊት ቦታውን የሚይዝ ኖቶኮርድ የሚባል ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ ቱቦውን በሚነካበት ቦታ ላይ «ሶኒክ ሄጅሆግ» የተባለውን ምልክት ያጠፋል። ምልክቱ በጠፋበት ቦታ ቆሽት መብቀል ይችላል። ተመራማሪዎች ይህን በ1990ዎቹ መጨረሻ በዶሮ ሽል ላይ አሳይተዋል። ይህን ያስረዳኝ ተማሪ «ሴል ማን እንደሚሆን የሚወስነው አጠገቡ ያለው ነው» አለኝ። ካዛንቺስ ያደግን ሰዎች ይህ አይከብደንም። እኛንም ያሳደገን ጎረቤት ነው።

ቀጥሎ ዘረመል ይመጣል። እዚህ ላይ የእኔ ሥራ ያግዘኛል። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ አንድ ትልቅ ጥራዝ አለ እንበል። ኦሪጅናሉ አንድ ነው፤ ለዓይን ሴልም ለቆሽት ሴልም ያው ጥራዝ ነው የተሰጠው። የሚለያዩት በሚከፍቱት ገጽ ነው። ገጽ የሚገልጡ ዘረመሎች አሉ። ለቆሽት ከነዚህ ዋነኛው ፒዲኤክስ-1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ስዊድን፣ ኡሜኦ ያሉት የሄለና ኤድሉንድ ቡድን ይህ ዘረመል የሌላቸው አይጦች ያለ ቆሽት እንደሚወለዱ አሳየ። ሌላው አካላቸው አለ፤ ቆሽት ብቻ የለም። በ1997 ደግሞ ያለ ቆሽት የተወለደ አንድ ሕፃን ሁለቱም የፒዲኤክስ-1 ቅጂዎቹ የተበላሹ ሆነው ተገኙ። አንዱ ቅጂ ብቻ የተበላሸባቸው ዘመዶቹ ቆሽት ነበራቸው፤ ግን ብዙዎቹ በኋላ ስኳር ያዛቸው።

ከዚያ ኒውሮጂኒን-3 የሚባለው ይከተላል። በ2000 የወጣ ጥናት ይህ የጎደላቸው አይጦች ቆሽት እንዳላቸው፣ ደሴት ግን እንደሌላቸው አሳየ። ምግብ የሚፈጨው ክፍል ተሠርቷል፤ ኢንሱሊን የሚሠራ ሴል የለም። በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ በስኳር ሞቱ። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ «ቆሽት ሁን»፣ ከዚያ «ደሴት ሁን»፣ ከዚያ «ቤታ ሁን»። አንዱ ገጽ ሳይገለጥ ሌላው አይገለጥም።

መጨረሻ ላይ ዜናዎች ሁሉ የሚዘሉት ደረጃ አለ፤ ብስለት። ቤታ ሴል ኢንሱሊን መሥራቱ ብቻ አይበቃም። የደሙን ስኳር መለካት አለበት። ሲጨምር መልቀቅ፣ ሲቀንስ ማቆም። ሌሊት የልጁ ስኳር ወርዶበት በላብ ተነክሮ ያገኘ ወላጅ ይህ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ሰው ላይ ቤታ ሴሎች በብዛት የሚባዙት በሕፃንነት ነው። ከዚያ በኋላ መባዛታቸው በጣም ይቀንሳል። የጠፉት እንደ ቆዳ ሴል በቀላሉ የማይተኩት ለዚህ ነው።

አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ «አዲስ ቆሽት ሠሩ» የሚባለውን ተመልከቱት። በአብዛኛው ቆሽት አልሠሩም። ስቴም ሴል፣ ማለትም ገና ምን ዓይነት ሴል እንደሚሆን ያልለየለትን ሴል ወስደው ማህፀን ውስጥ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ደገሙት። ጎረቤት የሚልከውን ምልክት እነሱ በጠርሙስ ውስጥ ጨመሩለት። እ.ኤ.አ. በ2014 የሃርቫርዱ ዳግላስ ሜልተን ቡድን ስኳርን የሚለካ፣ ኢንሱሊን የሚለቅ ቤታ ሴል በብዛት መሥራቱን ሲያስታውቅ መንገዱ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ሜልተን ድሮ የሚያጠናው የእንቁራሪት ሽል ነበር። ወንድ ልጁ በጨቅላነቱ ዓይነት 1 ሲገኝበት ሥራውን ትቶ ወደ ቆሽት ዞረ። በኋላ ሴት ልጁም ታመመች። እኔ ይህን ሰው በአካል አላውቀውም፤ ግን ስለ እሱ ያነበብኩ ቀን ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ቤቴ ሄጃለሁ።

እኔ የምጠይቃቸው

ወረቀት አውጡና ዜናውን እያነበባችሁ መልሱን ጻፉ።

በማን ላይ ነው የተሠራው? አይጥ ከሆነ «አይጥ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። አይጥ ሃያ ቀን ገደማ ውስጥ ትወልዳለች፤ ሰው ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። ልዩነቱ የጊዜ ብቻ አይደለም። ጋታ-6 የሚባል ዘረመል አለ። አይጥ አንዱ ቅጂ ቢጎድላትም ቆሽቷ ደህና ነው። በ2012 የታወቀው ግን ሰው ላይ የአንዱ ቅጂ መበላሸት ብቻ ሕፃኑን ያለ ቆሽት ሊያስወልደው እንደሚችል ነው። ይህን አይጥ አልነገረችንም ነበር። ስለዚህ አይጥን አልንቅም፤ ፒዲኤክስ-1ን ያወቅነው በእሷ ነው። ግን አይጥ ዳነች ማለት ልጄ ዳነች ማለት አይደለም።

የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ከላይ የነገርኳችሁን መንገድ አስታውሱ። ሴሉ ቤታ ሆኗል ወይስ ገና መንገድ ላይ ነው? ስኳር ሲወርድ ማቆም ይችላል? ሰውነት ውስጥ ገብቶ ደም ሥር አግኝቷል?

ስንት ሰው፣ ለስንት ጊዜ? አንድ ሰው ለሦስት ወር እና አሥራ ሁለት ሰው ለአንድ ዓመት እኩል አይደሉም።

የሰውነት መከላከያውን ምን አደረጉት? ዓይነት 1 ላይ ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። ቤት ያፈረሰው ሰው አሁንም በር ላይ ቆሞ ሳለ አዲስ ቤት ብትሠሩ ያንንም ያፈርሰዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መከላከያውን የሚያዳክም ኪኒን ነው፤ ሴሎቹ እስካሉ ድረስ ይወሰዳል፤ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል።

መጨረሻው ሲ-ፔፕታይድ ነው። ይህን ቃል ያዙት። ሰውነት ኢንሱሊን ሲሠራ መጀመሪያ ረዘም ያለ ሰንሰለት ያዘጋጅና መሃሉን ቆርጦ ያወጣል። ተቆርጦ የሚወጣው ሲ-ፔፕታይድ ይባላል። እኔ መጽሐፍ ጠርዤ ጠርዙን ስቆርጥ መሬት ላይ ቀጫጭን ወረቀት ይረግፋል። ያን ያየ ሰው እዚህ ቤት መጽሐፍ ተሠርቷል ይላል። ከፋርማሲ የሚገዛው ኢንሱሊን ግን ተቆርጦ ያለቀ ነው፤ ቁራጩ አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ደም ውስጥ ሲ-ፔፕታይድ ከተገኘ ኢንሱሊኑን የሠራው ሰውነት ነው። «ዳነ» የሚል ዜና ስለ ሲ-ፔፕታይድ ምንም ካላለ እኔ አላምነውም።

አንድ ዜና አብረን እናንብብ

ማክሰኞ የደረሰኝ መልእክት መነሻው እውነተኛ ጥናት ነው። ሕክምናው ዚሚስሌሴል ይባላል፤ ቨርቴክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ነው። ውጤቱ የታተመው በሰኔ 2025 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ነው። የሜልተን ቡድን ከጀመረው ሥራ የመጣ ነው።

በማን ላይ? በሰው፣ ዓይነት 1። ግን ማንኛውም ሰው አይደለም። ስኳራቸው በድንገት ክፉኛ የሚወርድባቸውና መውረዱን የማይሰማቸው አዋቂዎች ናቸው። ምን ተደረገ? ከስቴም ሴል የተሠሩ ደሴቶች፣ ወደ 800 ሚሊዮን ሴል፣ ወደ ጉበት በሚወስደው ደም ሥር ገባላቸው። አዎ፣ ጉበት ውስጥ። ቆሽታቸው እንደነበረ ነው።

ስንት ሰው? ሙሉውን መጠን አንዴ ወስደው ቢያንስ አንድ ዓመት የተከታተሏቸው 12 ናቸው። ከ12ቱ 10ሩ በዓመቱ ኢንሱሊን መወጋት አቁመው ነበር። የሁሉም የሦስት ወር ስኳር ከ7 በመቶ በታች ወረደ። ሲ-ፔፕታይዱም ታየ፤ ከሕክምናው በፊት አልነበረም። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ። አላፍርበትም።

መከላከያው? ሁሉም የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳሉ። በጥናቱ ከገቡት 14 ሰዎች 2ቱ ሞተዋል። አንዱ የሞተው በአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ነው። ሌላው አስቀድሞ የነበረበት የአእምሮ ችግር ተባብሶበት ነው። የደረሰኝ የቴሌግራም መልእክት ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው። በየሳምንቱ ራሱን ለሚስት ሰው ይህ አደጋ ሊያዋጣ ይችላል። ኢንሱሊኗን በደንብ ለምትቆጣጠር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዛሬ አያዋጣም።

ይህን መከላከያ ነገር ለማለፍ የሚሞክሩም አሉ። ስዊድን፣ ኡፕሳላ ውስጥ መከላከያው እንዳያያቸው ዘረመላቸው የተስተካከለ የለጋሽ ደሴት ሴሎች በአንድ ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ተተከሉ። ሰውየው የሚያዳክም ኪኒን ሳይወስድ ሴሎቹ ኢንሱሊን ሲሠሩ ተገኙ። የተሰጠው መጠን ትንሽ ስለነበር መርፌውን አላቆመም። አንድ ሰው ነው። እኔ ግን ከሁሉም የምከታተለው ይህን መንገድ ነው። በቻይና ደግሞ በ2024 የታወቀው የአንዲት ወጣት ሴት ጉዳይ አለ፤ ሴሎቹ ከራሷ ሰውነት ተሠርተው በሆዷ ግድግዳ ሥር ተተከሉ፣ ከ75 ቀን በኋላ ኢንሱሊን አቆመች። ዜናው የሚዘለው ነገር ቀድሞ ጉበት ተተክሎላት ስለነበር የሚያዳክመውን ኪኒን ከዚያ በፊትም ትወስድ የነበረ መሆኑን ነው። ስለዚህ የራሷ ሴል ያለ ኪኒን ይቆይ እንደሆነ ከእሷ ማወቅ አይቻልም።

ለምን ኢንሱሊን አይነካ አልኩ?

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው በራሪ ወረቀት ሊያባዛ ሱቄ መጣ። አምስት መቶ ቅጂ። «ስቴም ሴል ዱቄት፣ ቆሽትን ያድሳል» ይላል። ቀለሙን እያስተካከልኩ ሳነበው ልቤ ደነገጠ። ስለ ልጄ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ በሦስት ወር መርፌ ትጥላለች» አለኝ። 4,800 ብር ከፍዬ አንድ ካርቶን ገዛሁ። ሐኪሟን አላማከርኩም። ዱቄቱን ከጀመረች በሳምንቷ የማታውን ኢንሱሊን በግማሽ ቀነስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አስቀረሁት።

ሌሊት ውኃ ጥም ያዛት። ሲነጋ ማስመለስ ጀመረች። ሆዴን አለች። ትንፋሿ ፈጠነ፤ ጥልቅም ሆነ። አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ነበር። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሷ ገና ስታያት «ዲኬኤ ነው» አለች። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ያቃጥላል፤ ደሙ በአሲድ ይሞላል። ሦስት ቀን ተኛች። እነዚህን ምልክቶች ያያችሁ ቀን አትጠብቁ፤ ታክሲ ጥሩና ሂዱ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ አልታለልም ነበር። የሚዋጥ ሴል የለም። ጨጓራና የቆሽት ፈሳሽ ይፈጩታል። ኢንሱሊንም የሚወጋው ለዚህ ነው፤ ቢዋጥ እንደ ሥጋ ይፈጫል። ያን ወረቀት ያባዛሁት እኔ ነኝ። አምስት መቶውን ማን እንዳነበበው አላውቅም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ እሱ ነው።

ከዚህ ጥናት ዛሬ የሚጠቅመን

የቆሽት አፈጣጠር ጥናት ለነገ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገር ዛሬ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ይጠቅማል።

አንደኛው ጨቅላን ይመለከታል። ስኳር የተገኘበት ሕፃን ከስድስት ወር በታች ከሆነ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ዓይነት 1 አይደለም። የአንድ ዘረመል ስህተት ነው። በ2004 የእንግሊዝ ኤክሰተር ተመራማሪዎች ኬሲኤንጄ-11 በሚባል ዘረመል ላይ ያለ ስህተት የቤታ ሴልን የፖታሲየም በር ሳይዘጋ እንደሚያስቀረው አገኙ። ያ በር ካልተዘጋ ሴሉ ኢንሱሊን አይለቅም። ሴሉ አለ፤ ኢንሱሊኑም አለ፤ መውጫ ነው ያጣው። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በሐኪም ክትትል ከመርፌ ወደ ኪኒን ተሸጋግረዋል። ኪኒኑ ግሊበንክላማይድ ነው፤ እኛ አገር ዓይነት 2 ያለባቸው አዋቂዎች ሲውጡት የኖሩት ርካሽ መድኃኒት። ስለዚህ በቅርባችሁ ገና በስድስት ወሩ ውስጥ ስኳር የተባለ ሕፃን ካለ፣ አሁን ቢያድግም፣ ሐኪሙን «የዘረመል ምርመራ ያስፈልገው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ኪኒኑን በራሳችሁ አትጀምሩ።

ሁለተኛው እናትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ሆላንድ ውስጥ ክፉ ረሃብ ነበር። ያኔ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ልጆች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ስኳራቸው ሲለካ ሰውነታቸው ስኳርን መቆጣጠር እንደሚከብደው ታየ። በአይጥ ላይ ደግሞ እናቲቱ ፕሮቲን ሲያንሳት የግልገሎቹ ቤታ ሴል ቁጥር ያንሳል። የእኛም አገር በዚህ ውስጥ አለበት። ጎንደር አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ስኳር ቀጫጭንና ድሃ በሆኑ የገጠር ሰዎች ላይ በብዛት እንደሚታይ፣ ከልጅነት የምግብ እጥረትም ጋር እንደሚያያዝ ጽፈዋል። በሚያዝያ 2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት። ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለች እንቁላሉና ምስሩ መጀመሪያ ለእሷ ይሁን።

ለሐኪሙ ምን ይዞ መሄድ?

ዜና ይዛችሁ ክትትል ስትሄዱ ስልኩን ብቻ አታሳዩ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙም ቪዲዮ የሚያይበት ጊዜ የለውም። እኔ ግማሽ ገጽ ይዤ እገባለሁ። የጥናቱ ስም፣ በሰው ወይስ በአይጥ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ወር፣ የሚያዳክም መድኃኒት አለ ወይስ የለም። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ። ባለፈው የጻፍኩት «የልጄ ሲ-ፔፕታይድ ተለክቶ ያውቃል?» የሚል ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ ካርዷ ውስጥ አስገባችው።

ማክሰኞ ለልጄ የመለስኩላትም ከዚያው ወረቀት ነው። «እውነት ነው። በ12 ሰው ላይ ነው። 10ሩ መርፌ አቁመዋል። ግን ሌላ ከባድ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ሁለት ሰውም ሞቷል። ለአንቺ ገና ነው። ማታ ስመጣ ስለ ስዊድኑ ሰውዬ እነግርሻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ከትንሽ ቆይታ በኋላ መለሰች። «እሺ። ስትመጣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ያዝ፣ ሦስት ነው የቀረኝ።»